ሲበር የታየ ምልክት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

የዓይን ሐኪሙ ዛሬ ነገሩን አላድበሰበሰም። ታላቅ ወንድሜን፣ ጋሼን፣ ውጭ አስቀምጦ እኔን ለብቻ ሊያናግረኝ ፈልጎ ነበር፤ ጋሼ ግን «ዓይኑ የኔ ነው፣ ጆሮዬም ደህና ነው» ብሎ ከወንበሩ አልነሳም አለ። የዓይኑ ግፊት ለጠብታው አልበገር ብሏል። የግራ ዓይኑ አልቆለታል። የቀኙ መሃሉ ላይ ጠባብ ቀዳዳ ቀርታለታለች፤ እሷም ቢበዛ እስከ ጥር ነው። ከዚያ በኋላ ብርሃንና ጨለማ መለየት ብቻ።

ጋሼ የጠየቀው አንድ ነገር ነው። «በዚያች ቀዳዳ ቴሌስኮፕ ይታይባታል?»

ሐኪሙ ቀልድ መስሎት ሳቀ። መኪና ውስጥ ስንገባ ጋሼ «ቴሌስኮፕም እኮ ጠባብ ቀዳዳ ነው፣ እንስማማለን» አለኝ። መሪውን ይዤ እያለቀስኩ ነበር። በግራው ስለማያይ አላወቀብኝም፤ ወይም እንዳላወቀ ሆነ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5 (ምሳ ሰዓት፣ ቢሮ)

ትናንት ከሐኪም ቤት እንደተመለስን ካርታውን አስዘረጋኝ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ገና የጂኦግራፊ መምህር ሳለ፣ ወደዚህ አካባቢ ደርሰው የማያውቁ ግን መምጣታቸው የማይቀር ያላቸውን አሥር ወፎች ዘርዝሮ በወፍ ተመልካቾች ማኅበሩ መጽሔት አወጣ። ጠንቋዩ እያሉ ቀለዱበት። ጥንቆላ አልነበረም፤ እያንዳንዷ ወፍ በየትኛው ዓመት የት እንደታየች በእርሳስ ምልክት እያደረገ፣ የትኛው ሐይቅ እየደረቀ እንደሆነ፣ ግድባችን በየትኛው ወር ጭቃ እንደሚያወጣ እያሰላ ነው የሠራው። ሰባቱ መጡ። አንዳቸውንም መጀመሪያ ያየ እሱ አይደለም፤ ሁልጊዜ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዞ ነበር።

ስምንተኛዋ ትንሽ የውሃ ዳር ወፍ ናት። በምሥራቅ በኩል መጀመሪያ ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ላይ ታየች፣ ቀጥሎ አራት መቶ፣ አምና መቶ ሃምሳ። «ዘንድሮ ናት» አለኝ፤ «በጥቅምት፣ ውሃው በሸሸበት ጭቃ ላይ፣ ከመንጋው ተለይታ።» በየዓመቱ ከምትመጣው ከተለመደችው ጋር ቁርጥ መንታ ናቸው። ልዩነታቸውን አሥር ጊዜ ነግሮኛል፣ አሥር ጊዜ ረስቼዋለሁ። እኔ የሱ ሹፌር ብቻ ነኝ።

ውሃ መሥሪያ ቤት መሥራቴ ለግድቡ በር ፈቃድ ካልሆነ ለሌላ ለምንም አልጠቀመውም። እስኪ ቅዳሜ እንሂድ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

አየናት። ስምንተኛዋን። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ። ጋሼ ልጅ ሆኗል። ነገ እጽፈዋለሁ።

እሁድ፣ ጥቅምት 10

እንዲህ ነው የሆነው። ከንጋት ጀምሮ ጋሼ ተጣጣፊ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቀኝ ዓይኑን ቴሌስኮፑ ላይ ለጥፎ ነበር። በዚያች ቀዳዳ ጭቃውን ስንዝር በስንዝር ይለቅመዋል። ብርድ ነበር። ጠብታው መኪና ውስጥ ቀርቶ ነበርና ላመጣ ሄድኩ። መኪናው ከአፈር ክትሩ ጀርባ ነው፤ ሩቅ ነው። ስገባ ሞቀኝ። ትንሽ ተቀመጥኩ። ትንሽ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በአሥራ አንድ ሰዓት እየተነሳሁ ነበር።

«ጭራዬ! ጭራዬ!» ሲል ሰማሁ። በልጅነቴ ከኋላው ስለማልጠፋ ያወጣልኝ ስም ነው። ሮጥኩ። ሊያሳየኝ ሲነሳ የቴሌስኮፑን እግር መታሁበት። ዓይኔን ሳስጠጋ ጭቃ ነው፣ ድንጋይ ነው፣ እንደገና ጭቃ። «ከድንጋዩ በስተቀኝ! ተነሳች! ድምጿን ሰማሽው?» አለኝ። አንድ ነገር ሄደ። በዓይኔ ጫፍ።

«አየሻት አይደል?»

«አየኋት» አልኩ።

ምን ይባላል ሌላ? ደግሞም ውሸት አይደለም፤ የሆነ ነገር አይቻለሁ። ክንፍ ያለው ነገር ነው። ጋሼ የቴሌስኮፑን እግር አቅፎ ቆመ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሰው ሲደሰት እንዲህ እንደሚሆን ረስቼው ነበር። እናታችን ከሞተች ወዲህ እሱን እንዲህ ሆኖ አላየሁትም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

በምሳ ሰዓት ሪፖርቱን ላደርስ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሄድኩ። ቢሮው ቤተ መዘክሩ ሥር ያለች አንዲት ክፍል ናት። በሩ ገርበብ ብሏል። ሊቀመንበሩ ለጸሐፊዋ እያወራ ነው፤ ጋሼ ወሬውን በስልክ ነግሮት ኖሯል።

«ምስኪን መምህር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቃትን አየ። በዚያ ዓይን።»

ጸሐፊዋ ከንፈሯን መጠጠች።

ደሜ ፈላ። በሩን ገፍቼ ገባሁና ማንም ሳይጠይቀኝ «እኔም ነበርኩ፣ እኔም አይቻታለሁ» አልኩ። ሊቀመንበሩ ብድግ አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጋሼ ያስተማረው ልጅ ነው፣ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። «ታዲያ ሁለት ተመልካች ካለ ሌላ ነገር ነው» አለ። ለአካባቢው አዲስ የሆነ ወፍ በአንድ ሰው ቃል አይመዘገብም፤ ወይ ፎቶ ወይ ሁለት ምስክር። ሁለት ቅጽ ሰጠኝ።

ስወጣ በሩን በኃይል ዘጋሁት። በንዴት ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ሁለቱ ተመልካቾች ሳይነጋገሩ ነው ቅጹን የሚሞሉት። ሕጉን ያወጣው ራሱ ጋሼ ነው፣ አጣሪ ኮሚቴው ሲቋቋም። እሱ መጻፍ ስለማይችል፣ እኔም ልጽፍለት ስለማይፈቀድ፣ ጸሐፊዋ ቤት መጥታ ቃሉን ተቀበለች። ሳሎኑን ዘግተው አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ። ወጥ ቤት ሆኜ ድምፁን እሰማለሁ፣ ቃሉ አይለይም። ተማሪ ፊት እንደቆመ ነው የሚያወራው።

ስትሄድ «ምን አልካት?» አልኩት ቀለል አድርጌ።

«አፌን እንዳታስከፍቺኝ። ሕግ ሕግ ነው። ያየሽውን ጻፊ፣ አለቀ።»

እሁድ፣ ጥቅምት 17

ጋሼ ከምሳ በኋላ ሲተኛ ቅጹን ሞላሁ። መጽሐፉን ትንሽ አየት አድርጌያለሁ፣ ለማስታወስ ያህል። መጠን፣ ምንቃር፣ የእግር ቀለም፣ ከዓይኗ በላይ ያለው ነጣ ያለ ቅንድብ፣ ግራጫማ ቡናማ ደረት። ጥሩ ሄደልኝ። ሃያ ዓመት አቤቱታ መስኮት ተቀምጬ የሰው ነገር ስጽፍ ኖሬ ይሄ ያቅተኛል?

መጨረሻ ላይ «ሲበር የታየ ምልክት» የሚል ሣጥን አለ፤ ከሥሩ በትንሹ «ካልታየ ባዶ ይተው» ይላል። ባዶ ልተወው ነበር። ግን ስትነሳ ነው ያየኋት፤ ሲበር ካልታየኝ ምኑን አየሁት? መጽሐፉን እንደገና ገለጥኩ። «ክንፏ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ነጭ መስመር፣ በግልጽ» ብዬ ጻፍኩ። በግልጽ የምትለዋን ለምን እንደጨመርኳት እንጃ። ያለሷ የላላ መሰለኝ።

ፈርሜ በፖስታ አሸግኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

የማኅበሩ ሰዎች ሦስት ቀን ተመላልሰው አላገኟትም። የተለመደችው ብቻ ናት ያለችው፣ አሥራ አራት። ጋሼ «ወፍ ቀጠሮ አያከብርም» ብሎ ሳቀባቸው። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ደብዳቤ መጣ? አምስት ጊዜ ጠየቀኝ። ፈቃድ ወስጄ ወደ ግድቡ እንድወስደውም ይነዘንዘኛል፣ በየቀኑ። አለቃዬ ከዚህ በላይ አይሰጠኝም። ልጆች የሉኝም እንጂ ቢኖሩኝ ከዚህ በላይ ምን ያደርጉኝ ነበር። ይሄን መጻፍ አልነበረብኝም። ያሳደገኝ እሱ ነው።

ዓርብ፣ ህዳር 6

መጣ።

አስቀድሜ ለብቻዬ ማየት ነበረብኝ። ሳሎን ተቀምጦ ፖስታው ሲቀደድ ሰማ፤ «አንብቢው፣ ከላይ ጀምረሽ» አለኝ። አነበብኩ። መጀመሪያው ምስጋና ነው። ከዚያ እንዲህ ይላል፦

«ሁለተኛዋ ተመልካች ዓይናቸው ጤነኛ ሲሆን፣ ወፏ ስትበር በክንፏ ላይ ነጭ መስመር በግልጽ ማየታቸውን መዝግበዋል። ይህ የተለመደችው ዝርያ ዋና መለያ ነው። የመጀመሪያው ተመልካች ክንፏ ባዶ እንደነበር በእርግጠኝነት ቢገልጹም፣ ካለባቸው የዓይን ሕመም አንጻር ኮሚቴው የሁለተኛዋን ቃል ለመቀበል ተገዷል። ወፏ የተለመደችው እንደነበረች ይታመናል። መዝገቡ ተቀባይነት አላገኘም።»

ጋሼ ፊቱን ወደኔ አዞረ።

«ነጭ መስመር አየሽ?»

እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር። በሩ ያን ጊዜ ክፍት ነበር።

«አየሁ» አልኩ።

«በግልጽ?»

«አዎ።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ በወደድኩ። ራሱን ነቀነቀ፣ አንድ ሒሳብ እንደገባው ተማሪ። «እንግዲያው እሷ አይደለችም። አንቺ ዓይንሽ ደህና ነው። እኔ ነኝ የጠበቅኳትን ያየሁ።»

የሊቀመንበሩን ቃል ማንም አልነገረውም። ራሱ ነው ያገኘው።

ቅዳሜ፣ ህዳር 7

ሳይነጋ መጽሐፉን አወጣሁ። የቆሙት ወፎች ከላይ ናቸው፣ የሚበሩት ገጹ ግርጌ ላይ ተሰብስበዋል፣ እያንዳንዱ ሥዕል አጠገቡ የጉንዳን ዓይን የምታክል ቁጥር አለችው። ስምንተኛዋ አምስት ቁጥር ናት። ቅጹን ስሞላ ከላይ አምስትን ነበር ያየሁት። ከታች ግን አራትን፣ የተለመደችዋን። የአራቱ ክንፍ ላይ ነጭ መስመር አለ፤ የአምስቱ ባዶ ነው።

ለነገሩ እሱም ቢሆን ላያያት ይችላል። በዚያች ቀዳዳ ምን ይታያል? ባዶ ነበር ያለው መጽሐፉን በቃሉ ስለሚያውቅ ይሆናል። ስለዚህ የኔ መስመር የለወጠው ነገር የለም። እንዲያውም ሐሰት እንዳይመዘገብ አድርጌያለሁ። ይሄን ሦስት ጊዜ ለራሴ አልኩት።

ቁርስ ላይ «ወረቀት አምጪ» አለኝ። ቃል በቃል አስጻፈኝ፦ ባደረሰው ስሕተት ኮሚቴውን ይቅርታ ጠየቀ፣ ሪፖርቱን ራሱ ሰረዘ፣ ከኮሚቴውም ለቀቀ። «የእህቴ ዓይን እንዳስተካከለኝ አምናለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር አስገባ። ያቺን ስጽፍ እጄ ቆመ። «ፈጠንኩብሽ?» አለኝ። አይ፣ ቀጥል አልኩት።

ብዕሩን አስያዝኩት፣ የሚፈርምበትን ቦታ በጣቴ አሳየሁት። ፖስታ ቤት የወሰድኩትም እኔው ነኝ።

ቅዳሜ፣ ህዳር 14

ጠዋት መኪናውን አሙቄ ጠበቅኩት። አልለበሰም።

«አንሄድም?»

«ምን ልሠራ? የማየውን ነገር ማመን ካልቻልኩ አንቺን በብርድ ማስቆም ግፍ ነው።»

ቴሌስኮፑን ራሱ ከረጢቱ ውስጥ ከተተው፣ ዚፑን ዘጋ። ትንሽ ተከራከርኩት። ብዙ አልተከራከርኩም። እውነቱን ለመናገር ተመልሼ ተኛሁ፤ እስከ አራት ሰዓት ተኛሁ።

ሐሙስ፣ ህዳር 19

በሻይ ሰዓት መስኮቱ ጋ ተቀምጦ «ገመዱ ላይ ያለችው ምንድን ናት?» አለኝ። ድሮ ወፍ ጥላዋ ግድግዳ ላይ ሲያልፍ የሚያውቃት ሰው።

«እርግብ» አልኩት።

«እርግጠኛ ነሽ? እኔ ሌላ መስላኝ ነበር።»

«እርግብ ናት ጋሼ።»

«እሺ። አንቺ ካልሽ።»

ከምድጃው ዞሬ አላየሁም ነበር። ስዞር ገመዱ ባዶ ነው። ምን ነካኝ?

ዓርብ፣ ህዳር 27

ዛሬ ልነግረው ነበር። ዳር ዳር አልኩ። «ስለዚያ ቅጽ...» ስለው «ተይው፣ ከወረቀት ጋር አትጣይ፣ እኔ ረስቼዋለሁ» አለኝ። እንዳልረሳው አውቃለሁ። ተገላገልኩ ብዬ ተውኩት።

ረቡዕ፣ ታህሳስ 9

መጋረጃውን አያስገልጠኝም፤ ብርሃኑ ያመኛል ይላል። ሬዲዮ ይሰማል። ጸሐፊዋ ልትጠይቀው መጥታ ግድቡ ላይ ብዙ ወፍ ገብቷል፣ ልውሰድዎት ብትለው «እህቴን ውሰጂ፣ ከሁለታችን የሚያይ ዓይን ያላት እሷ ብቻ ናት» ብሎ ቀለደባት። ሳቀች። እኔ ዕቃ ላጥብ ተነሳሁ።

ቢሮ ዛሬ አንዲት ሴትዮ ውሃቸው አሥር ቀን እንደጠፋ ሲነግሩኝ አሥራ አንድ ብዬ ጻፍኩ። ለማሳመር። ደርሼበት ሰረዝኩት። እጄን ፈራሁት።

ማክሰኞ፣ ታህሳስ 22

ሐኪም ቤት። ቀኝ ዓይኑም አለቀ። ከታሰበው ቀደመ።

ሐኪሙ ሊያጽናናው «ያቺን ቀዳዳ ግን በደንብ ተጠቀሙባት?» አለው።

«ሳሎናችንን በደንብ አየሁት» አለ ጋሼ። ሐኪሙ ሳቀ፣ ጋሼም ሳቀ። ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ያዘ፤ ከብዶኝ አያውቅም እንደዛሬ።

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ጸሐፊዋ አቤቱታ መስኮቴ ላይ መጥታ ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ ፎቶ በመስታወቱ ሥር አሾለከችልኝ። ሊቀመንበሩ ቅዳሜ ግድቡ ላይ ያነሳው ነው። ያው ጭቃ፣ ያንኑ ድንጋይ የሚመስል ድንጋይ። ስምንተኛዋ ክንፏን ወደ ላይ ዘርግታለች። ባዶ ነው። ኮሚቴው ትናንት ተሰብስቦ ለአካባቢው የመጀመሪያ ብሎ በሊቀመንበሩ ስም መዝግቦታል።

«የመምህርን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ቁጭ ብዬ አመሳከርኩት፤ ከዚህ ፎቶ ጋር አንድ ነጥብ አይለያይም። የምትጮኽበትን ድምፅ እንኳ በአፋቸው አሳይተውኛል። ያችው ራሷ ሳትሆን ትቀራለች?» ከዚያ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «አንቺ ታዲያ ምኑን ነው ያየሽው?»

«ሰው ከኋላሽ ቆሟል» አልኳት።

አይቷት ነበር። በዚያች ቀዳዳ፣ በብርድ፣ ብቻውን አይቷት ነበር። እኔ ነኝ ያላመንኩት፤ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ አላመንኩትም። የዋሸሁለት እንኳ ምስኪን ሽማግሌ ብዬ ነው እንጂ አምኜው አይደለም።

ረቡዕ፣ ጥር 7

ነገርኩት። እንደሆነው እጽፈዋለሁ፣ ሳልጨምር።

ከሥራ ስመለስ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ነበር። ሬዲዮውን ዘጋሁ። «ጋሼ፣ ስምንተኛዋ መጥታለች። ፎቶ አለ።»

«የት?»

«እዚያው፣ ግድቡ ላይ።»

«ማን አነሳት?»

«ሊቀመንበሩ።»

«ጎበዝ። በአሥረኛ ክፍልም ታጋሽ ልጅ ነበር።» እጁን ዘረጋ፣ ፎቶውን ተቀብሎ ዳርና ዳሩን ዳሰሰው፣ መለሰልኝ። «በይ ንገሪኝ። ከምንቃሯ ጀምሪ።»

ነገርኩት። አንድ በአንድ፣ እያየሁ። ያልታየኝን አልታየኝም አልኩ። ደረቷ ጋ ስደርስ ከንፈሩ ከኔ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር፣ ቀድሞኝ።

«ክንፏስ?»

«ወደ ላይ ዘርግታዋለች። ባዶ ነው። ምንም የለበትም።»

«ያንቺዋ ግን መስመር ነበራት።»

«የኔ የምትባል የለችም፣ ጋሼ። አላየሁም። ጠብታውን ላመጣ ሄጄ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ስደርስ ጭቃ ነው ያየሁት። መስመሩን ከመጽሐፍ ነው የገለበጥኩት፣ እሱንም ከሌላዋ ሥዕል።»

ለምን እስኪለኝ ጠበቅኩ። መልስ አዘጋጅቼ ነበር፣ ላንተ ብዬ ነው ልለው። አልጠየቀኝም።

«ሥዕሉን እንደተሳሳትሽ መቼ አወቅሽ?»

«ደብዳቤው በመጣ ማግስት። ጠዋት።»

«ከማስጻፌ በፊት?»

«አዎ።»

ጣቶቹን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ አንድ በአንድ እያነሳ መቁጠር ጀመረ። መጀመሪያ ምን እንደሚቆጥር አልገባኝም። ህዳር ሰባት ብሎ ጀምሮ ታህሳስ ሃያ ሁለት ላይ ሲያቆም ገባኝ።

«አርባ አምስት ቀን» አለ። «አርባ አምስት ቀን ዓይን ነበረኝ። አላምነውም ብዬ መጋረጃ ዘግቼ ተቀመጥኩ።»

እጁን ልይዘው እጄን ስዘረጋ፣ ሳይቆጣ፣ ቀስ ብሎ እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ።